ለአሳማ የተባለ «ምትክ ይስጥዎት»

የአንድ ለአምስት ጠርናፊያችን የላሚሶ በሬ የሞተ ጊዜ ቱላ ውስጥ ሊያጽናናው ያልሄደ ጎረቤት የለም። እኔም ሄጄ «ምትክ ይስጥህ» ብዬው መጣሁ። ለሐዋሳ ሆቴሎች የማረባቸው አሳማዎቼ ተራ በተራ መሞት ሲጀምሩ ግን ላሚሶ እንኳ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ስለ ዝናቡ አወራኝ። አልፈርድበትም፤ ለአሳማ ማን ያዝናል? እኔ ግን ደጄ በተንኳኳ ቁጥር የሚያጽናናኝ ሰው መጣ እያልኩ ብድግ እል ነበር።

አንድ ቀን የመጣችው የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ሒጃብ የለበሰች ልጅ። ጓንት አጥልቃ ከቀረችኝ አንዲት አሳማ ጆሮ ደም ወሰደችና ከምሳ ዕቃ እምብዛም የማትበልጥ መሣሪያ ውስጥ ጨመረችው። ድሮ ደሙ አዲስ አበባ ተልኮ መልሱ እስኪመጣ በረቱ ባዶ ይሆን ነበር። ይቺ መሣሪያ ግን የበሽታውን ቫይረስ ዘረመል ከደሙ ውስጥ ፈልጋ እዚሁ ታሳያለች አለችኝ። አጥሩ ሥር ቁጭ ብለን ስንጠብቅ አሳማዋ እንደ ልማዷ ጫማዬን ታሸታለች።

መሣሪያዋ ጮኸች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች።

«አባባ፣ ወረርሽኙ ይዟታል። መድኃኒት የለውም፤ ወደ ሌላ ሰው በረት ሳይሻገር መወገድ አለባት።»

«እሺ» አልኩ።

ዕቃዋን ሸክፋ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «ምትክ ይስጥዎት» አለችኝ።

አሜን ሳልላት ሄደች። በረቱ ባዶ ነው፣ ደጄ ሲንኳኳ ግን ዛሬም ብድግ እላለሁ። ያ አሜን እስካሁን አፌ ውስጥ ነው።