ከሐይቅ ሥር የወጣ ጭቃ

በደርግ ጊዜ ነው። ከካራ ወደ አራት ኪሎ በውይይት ታክሲ ስንሄድ፣ ፊት ለፊቴ አንድ ተማሪ ረጅም የላስቲክ ቱቦ አቅፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት ባልቴት ጠየቁት።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ የምትሳሳለት?»

«ጭቃ ነው፣ እማማ። ወሎ፣ ከሐይቅ ሥር ያወጣነው። ዩኒቨርሲቲ ልንመረምረው ነው።»

«ወሎ? የኔ አገር! ጭቃ ደግሞ ምን ይነግራችኋል?»

«የዛፍ አበባ ብናኝ በነፋስ እየመጣ ውሃው ላይ ይወድቃል። ጭቃው ሸፍኖ ያኖረዋል። በማጉያ መነጽር ስናየው ጥንት ምን ዛፍ እንደነበረ፣ መቼ ዝናብ እንደጠፋ እናውቃለን።»

ባልቴቷ በእጃቸው ወደ እንጦጦ ጠቆሙ።

«ያ ራቁቱን የቀረ ተራራችን እንደዚህ እንደ እንጦጦ ዛፍ ለብሶ፣ ያውም ጥድ፣ እንደነበረ አባቴ ይነግረን ነበር። ድርቁ ሲያባርረን መንገድ ላይም ይህንኑ ሲያወራ፣ ረሃቡ አቃዠው ብለን አልሰማነውም። እዚያው መንገድ ላይ ቀረ።»

«አልቃዡም፣ እማማ። ባለፈው ያወጣነውን አይቼዋለሁ፤ ከታች በኩል ጥድ ሞልቶበታል።»

«ወላሂ በል!»

«እውነቴን ነው።»

«እስቲ አንዴ ልያዘው።»

ሰጣቸው፤ በሻርፓቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

ከዚያ ወዲያ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እኔም ትንፋሼን እይዝ ነበር።