ሰልፉ የጠፋበት ጤና ጣቢያ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከቋንቋ መምህርነቴ የቀረኝ ሁለት ነገር ነው፤ ሰው ሲያወራ የማረም አመልና በመቆም ብዛት የደከመ ጉልበት። አመሌ መድኃኒት የለውም። ለጉልበቴ ግን በስልክ ቀጠሮ ይዤ አንድ ጠዋት ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሄድሁ።

ድሮ በዚያ በር የሚገባው መጋፋት የቻለ ነበር። ያን ዕለት ግን አዳራሹ ጭር ብሏል። አግዳሚ ወንበሮቹ ተወልውለው ያብረቀርቃሉ፤ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ኋላ የተቀመጠችው ሠራተኛ ሥራ ፈትታ ጥፍሯን ትሞርዳለች። እኔም «ሥልጣኔ ማለት እንዲህ ነው» ብዬ በደስታ ተቀመጥሁ። ሰው መቼም የተመቸው ቀን ብዙ አይጠይቅም።

ብዙም ሳልቆይ በሩን ከፍተው የገቡት ሰዎች ለሕክምና የመጡ አይመስሉም ነበር። ከፊት የሚመራውን ሳየው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሆኖ አገኘሁት። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ፖሊሲ ትምህርት ቤት ዲን ነው፤ ከተያየን ዓመታት አልፈዋል። ከኋላው ካሜራ ያንጠለጠለ ፎቶ አንሺ አለ። ከእሱ ቀጥላ ፊቷን ያጠቆረች አንዲት ወጣት ገባች፤ ዲኑ ራሱ ያስተማራትና አሁን በዚያው ትምህርት ቤት የምታስተምር ረዳት መምህርት ናት።

«አንተ ሰው፣ አለህ?» አለኝ ዲኑ፣ አቅፎ እየሳመኝ።

«አለሁ። ጉልበቴ ብቻ ቀድሞኝ አርጅቷል።»

«እንግዲያው ደግ ቦታ መጥተሃል። ይህን ጭርታ አየኸው? የእኛ ሥራ ነው።»

ነገሩን በኩራት አስረዳኝ። በሽተኛ ሙሉ ቀን ተሰልፎ እንዳይውል ትምህርት ቤታቸው አጥንቶ፣ ሁሉም ሰው አስቀድሞ በስልክ ቀጠሮ እንዲይዝ መክሯል። ምክሩ በዚህ ጤና ጣቢያ ተሞከረ፤ ሰልፉም ጠፋ። በማግስቱ የከተማው ምክር ቤት ተሰብስቦ አሠራሩ በከተማው ጤና ጣቢያ ሁሉ እንዲስፋፋ ይወስናል። «ዜናና ስኬቶች» የተባለው የትምህርት ቤቱ መጽሔትም እኛ በተገናኘንበት ዕለት ወደ ማተሚያ ቤት ገብቶ፣ በማግስቱ ጠዋት በየምክር ቤት አባሉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ለፊት ገጹ የተመረጠው ፎቶ ይኸው ባዶ አግዳሚ ወንበር ነው።

ፎቶ አንሺው መጋረጃ ገለጠ። ዘበኛውን ከበር ጠርቶ «ያችን የአበባ ማሰሮ ወዲህ አምጣልኝ» አለው። ወደ እኔም ዞር ብሎ «አባባ፣ እርስዎም ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ» አለኝ። ፈቀቅ አልሁለት።

«ጋሼ» አለች ረዳት መምህርቷ፤ «ፎቶው ሳይነሳ አንድ ጊዜ ይስሙኝ።»

«ትናንት ሰምቼሻለሁ፤ መኪና ውስጥም ሰምቼሻለሁ።»

«ሰምተውኛል፤ መልስ ግን አልሰጡኝም። ሰልፉ መጥፋቱ እውነት ነው። በሽታው ግን አልጠፋም። ሰሞኑን ከዚህ ግቢ ጀርባ ቤት ለቤት ስዞር ነው የከረምኩት። የግፊት መድኃኒታቸውን ያቋረጡ አሉ። ልጃቸውን ሳያስከትቡ የቀሩም አሉ። ለምን ስላቸው የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ ዘበኛው ቀጠሮ የላችሁም ብሎ መለሰን ይላሉ። ስልክ የሌለው አለ፤ ስልክ ኖሮት አሠራሩን የማያውቅ አለ። እኛ የለካነው በር ላይ የቆመውን ሰው ነው። ተስፋ ቆርጦ የቀረውን አልለካነውም።»

«አዲስ ነገር ሲጀመር ሰው ይደናገራል፣ ልጄ። ቀስ በቀስ ይለምዱታል።»

«በሽታ እስኪለምዱት አይጠብቅም፣ ጋሼ።»

ዲኑ መነጽሩን አውልቆ በመሐረቡ ጠረገ። ይህን ምልክት ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ መነጽሩን ከጠረገ ነገሩ አልጣመውም ማለት ነው።

«መልካም፤ ጉድለት አለው እንበል» አለ። «ቢሯችን ገብተን፣ በራችንን ዘግተን እንነጋገርበታለን። አንቺ ግን በመጽሔታችን የፊት ገጽ ተሳስተናል ብለን እንጻፍ ነው የምትይው። ይህ የቤትን ገመና አደባባይ ማስጣት ነው። ይህን ትምህርት ቤት ስንጀምር አንድ ጠባብ ክፍልና የተሰነጠቀ ሰሌዳ ነበረን። የየቢሮው ሹም የወረቀት ሐኪሞች እያለ ይስቅብን ነበር። ዛሬ የምናገኘውን ክብር በስንት መከራ እንዳገኘነው አንቺ አታውቂም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ዛሬ ተሳሳትን ብንል፣ ነገ ትክክል ስንሆን ማን ይሰማናል?»

እውነቱን ለመናገር ይህ የክፉ ሰው ክርክር አይደለም። ቤቱን በላቡ የሠራ ሰው ግድግዳው ተሰነጠቀ ሲሉት ቢከፋው አይፈረድበትም። እኔም ልቤ ወደ እሱ ሳያደላ አልቀረም። ልጅቷ ግን ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ቀጠለች።

«ገመና መሸፈን ያሳደገን ነገር ነው፤ አልንቀውም። ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ ልጅ ቢያጠፋ ይሸፈናል። እዚያ ግን የሚሸፍነውም የሚጎዳውም ያው ቤተሰቡ ነው። የእኛ ከዚያ ይለያል። የሚሸፈነው የእኛ ጥፋት ነው፤ የሚጎዳው ግን እዚያ ማዶ የተኛ ሰው ነው። በሌላ ሰው ቁስል ላይ የራስን ስም መደረብ ገመና መሸፈን አይባልም።»

«ቃል አታሳምሪ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።»

ይህን ሲል ፎቶ አንሺው ሳይቀር አቀረቀረ። የልጅቷ ፊት ቀላ። መልሷ ግን አልዘገየም።

«እኔም የምጮኸው ለበላሁበት ቤት ነው። አደጋ እያየ ዝም የሚል ውሻ ለባለቤቱ ምን ይረባዋል? ምክር ቤቱ ነገ ከወሰነ በከተማው ሁሉ በየበሩ ቀጠሮ የሚጠይቅ ዘበኛ ይቆማል። ከዚያ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው። አሁን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይቻላል። ያየሁትን የጻፍኩበት ጽሑፍ በመጽሔቱ ካልወጣ ግን ስሜን ከጥናቱ ላይ ያውጡልኝ። ምክር ቤቱ በር ላይ ቆሜ ለሚገባው ሁሉ በአፌ እነግራለሁ። ይህን ከኋላዎ ሆኜ ማድረግ ስላልፈለግኩ ነው አስቀድሜ የነገርኩዎ።»

እኔም አላስችል ብሎኝ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አልሁ።

«አንተ ደግሞ ጉልበትህን ታከም» አለኝ ዲኑ። ወደ ፎቶ አንሺው ዞሮም «በል አንሳ፤ ይብቃን» አለ።

ዘበኛው ገና ከአበባ ማሰሮው ጋር ይታገል ስለነበር በሩ ላይ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። በዚያው ክፍተት አንዲት አሮጊት ገቡ። ራሳቸውን በሻርፕ ጠቅልለው በአንድ እጃቸው ጆሯቸውን ይዘዋል። ማንንም ሳያዩ መጥተው፣ ፎቶ ሊነሳ የተዘጋጀው ወንበር መሐል ላይ ቁጭ አሉ።

«እማማ፣ ከዚያ ይነሱልን» አላቸው ፎቶ አንሺው። አልተነሡም።

ዲኑ ጨዋ ሰው ነው፤ ራሱ ሄዶ ዝቅ ብሎ «እናቴ፣ ፎቶው እስኪነሳ ለአንድ አፍታ ውጭ ቢቆዩልን» አላቸው። እጃቸውን ከጆሯቸው ላይ አንስተው ከንፈሩን ተመለከቱ። አልሰሙትም። ጮክ ብሎ ደገመው፤ አሁንም አልሰሙም። በመጨረሻ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ድረስ «ውጭ! ውጭ ይቁሙ ነው የምልዎ!» አለ።

አሮጊቷ አልተቆጡም። ሻርፓቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ተነሡ። «እሺ ልጄ። ውጭውንስ ለምጄዋለሁ» አሉ።

ዲኑ እጁን ወደ በሩ እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ። በሽተኛ በገዛ እጁ እያስወጣ መሆኑን ያየው ያን ጊዜ ነው። ክንዳቸውን ይዞ መልሶ አስቀመጣቸው፤ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎም ምን ሆነው እንደመጡ ጠየቃቸው።

«ጆሮዬ ነዋ። ሲመግል ከረመ፣ አሁን ጭራሽ ደፈነኝ። ስመጣ ስመጣ ዘበኛው በስልክ ይደውሉ ይለኛል። ደወልኩ። ያወራል፣ ያወራል፤ ምን እንደሚል አልሰማው። ከዚያ ይዘጋብኛል። ቢሰማኝማ እዚህ ምን አመጣኝ?»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ የሚያስቅ ነገር ነበር። ያን ጊዜ ግን የሳቀ የለም።

እኔ «ተራዬን ለእሳቸው ስጡልኝ» ብዬ ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ሄድሁ። ሠራተኛዋ «ቀጠሮ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሲስተሙ አይቀበልም» አለችኝ። ዲኑ ከኋላዬ መጥቶ «እኅቴ፣ አሠራሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ቢላት፣ «እንግዲያው እርስዎም በስልክ ይንገሩት» አለችው። ደግነቱ ጫጫታውን የሰማች ነርስ ብቅ ብላ አሮጊቷን በእጃቸው ይዛ አስገባቻቸው።

ዲኑ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ስናጠናው» አለ ወደ ልጅቷ ቀና ብሎ፤ «ጆሮው የማይሰማ በሽተኛ እንዴት ይደውላል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። የተሰበሰብነው ሁላችንም ስልካችን በኪሳችን ነበር።»

«እና አሁን ስማችንስ ምን ይሆናል? የሚስቁብን አይጠፉም።»

«ይስቃሉ» አለች ልጅቷ፤ «ለጥቂት ቀን ይሳቅብናል። ግን ያስቡት፤ ስኬት ብቻ የሚያወራ መጽሔት ማን ያምናል? የሠርግ ዘፈን ነው፤ ሙሽራይቱ ሁልጊዜ ቆንጆ ናት። ያጠፋነውን ራሳችን ከተናገርን ግን ተሳካልን ስንል ቃላችን ይታመናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ለበሽተኛው እንመክራለን። ለራሳችንም ይሠራል።»

 ዲኑ ተነሣ። የተናገረው ግን ተሸንፎ እጁን በሰጠ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱን ሲመሠርት የማውቀው ያ እልኸኛ ድምፅ ነበር።

«ካሜራህን ክተት» አለው ፎቶ አንሺውን። «አንቺም ጽሑፍሽን አምጪ። ማተሚያ ቤት አብረን እንሄዳለን፤ ሥር ላይ ከስምሽ በፊት የእኔ ስም ይገባል። ጥናቱን ፈርሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ርዕሱንም አታለሳልሺው። ተሳስተናል፣ እንዲህ እናርመዋለን በይ። መሳሳታችንን ብቻ ጽፈን ማረሚያውን ካልጨመርን ግን ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ ለማንም አይጠቅም።»

በማግስቱ ጉልበቴን እየጎተትሁ ምክር ቤቱ ድረስ ሄድሁ። ዲኑ ቆሞ ሲናገር ከኋላ መቀመጫ የሚሳለቅ አልጠፋም፤ አንዱማ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሰም አድርጎ «ምሁር ተብዬዎቹ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዲኑ ግን አንዲት ቃል ሳያስቀር ተናግሮ ጨረሰ።  ቀጥሎ አንዲት ጠና ያሉ የምክር ቤት አባል እጃቸውን አነሡ።

«እስከ ዛሬ ስትመጡ እናጨበጭብላችሁና እንለያያለን» አሉ። «ያነበብናችሁ ግን አልመሰለኝም። ዛሬ ጽሑፋችሁን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ነው የመጣሁት። እስቲ ንገሩን፣ ምን እናድርግ?»

ዲኑ ማረሚያውን አንድ በአንድ ዘረዘረ። ያን ሁሉ ዓመት ሲሸለም ኖሯል፤ ምን እናድርግ ተብሎ ሲጠየቅ ግን የመጀመሪያው ነበር።

የተደረገውም ይህ ነው። አሠራሩ በከተማው ሁሉ እንዳይስፋፋ ታገደ። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ጠዋት ጠዋት በእግሩ የመጣ ሁሉ ያለ ቀጠሮ እንዲገባ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በስልክ የያዘው እንዲስተናገድ ሆነ። ዘበኛው ሰው መመለሱን ትቶ መንገድ እንዲያሳይ ታዘዘ። መድኃኒት ያቋረጡትን የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ከነርሶች ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ ፈለጓቸው። ብዙዎቹ ተመለሱ። ሕክምናው ዘግይቶባቸው ያረፉም አሉ፤ ያን የመሰለ ሐዘን የትኛውም መጽሔት አይክሰውም። ዲኑ በየቤቱ ሄዶ ለቅሶ ሲደርስ ረዳት መምህርቷ አብራው ነበረች።

ትምህርት ቤቱም አልተዋረደም። ያሾፉበት የነበሩ ቢሮዎች ዛሬ አዲስ አሠራር ሲያወጡ «መጀመሪያ እናንተ እዩልን፤ ካልሆነ አይሆንም ትላላችሁ» እያሉ ይመጡበታል። ተማሪው ጥናቱን ሲያቀርብ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ቀረ?» ተብሎ ነው። «ዜናና ስኬቶች»ም እንደ ድሮው የእነማን ሹመት፣ የእነማን ጉብኝት ብቻ አያወራም። የተሳካውን ይጽፋል፤ ያልተሳካውንም ከነምክንያቱ ይጽፋል፤ ሰው እየተሻማ ያነበዋል።

አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም ቢሮ ወይም ሱቅ ወይም ትምህርት ቤት ብትመራ፣ ቤትህ ጭር ሲል ከመደሰትህ በፊት ሰዎቹ ወዴት እንደሄዱ ጠይቅ። ለራስህ ስም ስትል በሌላ ሰው ላይ በር አትዝጋ።

እኔ ዛሬም ከዚያው ጤና ጣቢያ ተመልሼ ነው ይህን የምጽፈው። ሰልፉ ተመልሷል። ጠዋቱን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳጉረመርም ነው ያረፈድሁት፤ አላማረርሁም ብል ውሸት ይሆናል። ከፊቴ የተቀመጡት ሰዎች ግን ሁሉም በየተራቸው ገቡ።