ኪሱ በቀኝ የዞረ ኮት

ሐዘናችንን ልትካፈሉ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና ወዳጆች ሆይ፤ ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሜትራቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ሁላችሁም ጋሽ ሜትር የምትሏቸው ልብስ ሰፊ፣ አልጋ ላይ ሳሉ ይህ ጽሑፍ እንዲዘጋጅ ሲፈቅዱ አንድ ነገር አጥብቀው አዝዘዋል፤ ይኸውም ታሪካቸው ከልክ በላይ ሰፍቶ እላያቸው ላይ እንዳይንዘላዘል፣ ያጠፉትም ሳይቀር በልካቸው እንዲነገር ነው። «ቅዱስ ብታደርጉኝ የሚያውቀኝ ሁሉ ቀብሬ ላይ ይስቅባችኋል» ብለዋል። ጽሑፉን የሚያነበው የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ ቅር የሚለው ሰው ቢኖር አንባቢውን ትቶ ሟቹን ይውቀስ።

ጋሽ ሜትር በአንድ የጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው ይሠሩ ከነበሩት አባታቸውና የአዝራር ቀዳዳ በእጃቸው እየጠለፉ ቤት ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው፣ ከአራት እኅቶች በኋላ የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የእኅቶቻቸው ቀሚስ እየተቆረጠ ሱሪ ሲሆንላቸው አድገዋልና፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ የሱሪያቸው ጫፍ ተተርትሮ ከውስጥ ቀይ አበባ ብቅ ባለ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባቸው፤ ከዚያ ወዲህ የውስጡ በውጭ እንዳይታይ አድርጎ መስፋት የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሆነ። በትምህርታቸው ደህና የነበሩ ቢሆንም፣ የአባታቸው ዓይን ሲደክምና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲሳናቸው፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተራቸውን አጥፈው ከመኪናው ፊት ተቀመጡ።

ስማቸው የተጠራው ግን አዲስ ልብስ በመስፋት ሳይሆን አሮጌ ኮት በመገልበጥ ነው። ወጣቶች ይህን ሥራ ስለማታውቁት መናገር ያስፈልጋል፤ ድሮ የኮት ፊት ፀሐይ ሲያነጣውና ክርኑ ሲያብረቀርቅ ሰው አይጥለውም፤ ልብስ ሰፊው ስፌቱን አንድ በአንድ ተርትሮ፣ ፀሐይ ያላየውን የውስጥ ገጽ ወደ ውጭ ገልብጦ መልሶ ይሰፋዋል፤ ባለቤቱም አዲስ የለበሰ መስሎ ይወጣል። ችግሩ አንድ ነው፤ ኮቱ ሲገለበጥ ግራና ቀኙ ስለሚዛወር የግራ ደረት ኪስ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከሩቅ ያየዋል። ጋሽ ሜትር ከዚያው ጨርቅ ክር መዝዘው፣ የዞረውን ኪስ በመርፌ እየሸመኑ ድምጥማጡን ያጠፉና በግራ በኩል አዲስ ይከፍቱ ነበር። «የወለደችህ እናትህ አታውቅብህም» እያሉ ነበር ኮቱን የሚያስረክቡት፤ እውነትም እጃቸው እጅ በአፍ ያስጭን ነበር።

ያወቀችባቸው አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም በኋላ ያገቧት እኅታችን ናት፤ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ባለው የልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ ተኳሽ ነበረች፤ እንፋሎትና የጋለ ካውያ ሲያርፍበት የተደፈነው ኪስ ጥላ ብቅ እንደሚል ታውቃለችና፣ አንድ ቀን ኮት አንጠልጥላ መንገዱን ተሻግራ «ጋሼ፣ ደንበኛውን ሸውደህ ይሆናል፤ ካውያዬን ግን አልሸወድክም» አለቻቸው። እሳቸው ተናደዱ፤ በሳምንቱ ግን ያልተጨማደደ ልብስ ይዘው ሊያስተኩሱ መመላለስ ጀመሩ፤ ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ተጋብተውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

አሁን እንዲነገር ያዘዙትን እንናገራለን። ጋሽ ሜትር ይጠጡ ነበር፤ ሲጠጡም አፋቸው ብቻ ሳይሆን እጃቸውም ይከፋ ነበር፤ እኅታችንም ፊቷ አብጦ «በር መታኝ» ስትለን፣ በሩን እያወቅነው ቆሽታችን አርሯል። ነጋ ጠባ ይማሉ ነበር፤ ሽማግሌ ጠርተው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ነኝ» ሲሉ ሰፈሩ ያጨበጭብላቸዋል። እሷ ግን ስትጠየቅ «ካውያ ሲያርፍበት እናያለን» ትል ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ቤት ውስጥ ትንሽ ነገር ሲከር ያው የድሮው ሰውዬ ብቅ ይላል።

በመጨረሻ ጋብቻውን ያፈረሰው፣ ጉድ እኮ ነው፣ ደግ ለመሥራት ያሰቡበት ቀን ነው። አባታችን ሲያርፉ እኅታችን የወሰደችው አንድ ቡናማ ኮታቸውን ብቻ ነበር፤ ክርኑ ያለቀ፣ ትከሻው የሳቸውን ጉብጠት የያዘ፣ ጠረናቸው ያልለቀቀው ኮት ነው። ጋሽ ሜትር ከአንድ ጠብ በኋላ ሊክሷት አስበው፣ ሳይጠይቋት ኮቱን ከቁም ሣጥን አውጥተው፣ ተርትረው፣ አጥበው፣ ገልብጠው፣ አዲስ አስመስለው አልጋዋ ላይ አነጠፉላት። ልብስ ሰፊ ካልሆነ በቀር ማንም እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። እኅታችን ኮቱን አሸተተችው፤ የሸተታት ሳሙና ነው። አላለቀሰችም፤ ኮቱን እዚያው ትታ ሁለቱን ልጆች ይዛ እኛ ቤት መጣች፤ ሽማግሌ ቢላክ፣ ዘመድ ቢማልድ ልቧ ድንጋይ ሆነ።

ብቻቸውን በቀሩበት ዘመን አንድ ሽማግሌ ሰባኪ ከሰው የተሰጣቸውን ግራጫ ኮት ሊያስገለብጡ ወደ ሱቁ መጡ። ጋሽ ሜትር የመጀመሪያውን ስፌት ሲተረትሩ የውስጡም ገጽ ያለቀ ሆኖ አገኙት፤ ኮቱ ከዚህ በፊት ተገልብጧል። ማን ይሆን ይህን ያህል የደበቀው ብለው ወደ ብርሃን ሲያቀርቡት ደግሞ በደረቱ ላይ የተሸመነው ኪስ የገዛ እጃቸው ሥራ ነው! «አባቴ፣ ይህ ኮት በቃው፤ ሁለቱም ፊቱ አልቋል፤ ከእንግዲህ የሚገለበጥ የለውም» ካሉ በኋላ፣ ለኮት ይለቀሳል ወይ እስኪባል ድረስ መኪናው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ሰባኪው በርጩማ ስበው ተቀመጡና ምክንያቱን ጠየቁ፤ ጋሽ ሜትርም ስለ መሐላቸው፣ ስለ እጃቸውና ስለ ቡናማው ኮት ምንም ሳይሸሽጉ ነገሯቸው።

የሰባኪው ቃል አጭር ነበር፤ ጋሽ ሜትርም እስከ መጨረሻቸው ደጋግመው ይነግሩን ነበርና እንዳለ ይነበባል። «ልጄ፣ ኢየሱስ ልብስ ገልባጭ አይደለም። አንተ ራስህን ስትገለብጥ ኖረሃል፤ እሱ ግን ያለቀውን ከነነውሩ ተሸክሞ ሞቶልሃል፣ ተነሥቶም የራሱን ሕይወት ይሰጥሃል። ያለቀውን ልትደብቀው ነው ወይስ ልትሰጠው?» አሏቸው። ጋሽ ሜትርም ሰጡ። እንደሚያወሩት መብረቅ አልወረደም፣ ብርሃንም አልታየም፤ እኩለ ቀን ነበር፣ የስፌት መኪናው ቀበቶ ወልቆ ነበር፣ መንገድ ላይ አንድ ሾፌር ጡሩንባውን ያስጮኽ ነበር፤ እሳቸውም «ጌታ ሆይ፣ አልቄያለሁ፤ ውሰደኝ» አሉ። አዲሱ ሕይወታቸው በዚህ ተጀመረ፤ ሰባኪውም ያንኑ ያለቀ ኮት ለብሰው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት እኛን ግራ ያጋባን ነበር፤ ምንም አላወጁም። ሽማግሌ አልላኩም፣ «ሌላ ሰው ነኝ» አላሉም። መጠጡን አቆሙ፤ ዳግመኛም አልቀመሱም፤ ሲያቆሙ ግን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መርፌ ይሰብሩ ነበር፣ አንዳንድ ቀንም ከሱቁ ወጥተው መጠጥ ቤቱን በሌላ መንገድ ዞረው ለማለፍ ሰባኪውን ክንዳቸውን ያስይዙ ነበር። የተገለበጠ ኮት ኪስ መደበቅም ተዉ፤ «ተገልብጧል ብለህ ልበሰው» ሲሉ ብዙ ደንበኛ ተቆጥቶ ጥሏቸው ሄደ። ከብዙ ወራት በኋላም እኛ ቤት መጥተው፣ ወደ ውስጥ ግቡ ቢባሉ እምቢ ብለው፣ በሩ ላይ እንደቆሙ ልጆቻቸውን «መታኋችሁ፣ እናታችሁንም መታሁ፤ ጥፋቱ የመጠጡ ሳይሆን የእኔ ነው» ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እኅታችን ትመለስ ዘንድ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ የጠቀለሉትን ነገር አስረክበው ሄዱ።

ጥቅሉ የአባታችን ቡናማ ኮት ነበር፤ እንደገና ተርትረው ወደ ቀድሞ ፊቱ መልሰውታል። ያለቀው ክርን በቦታው ነው፤ የግራው ኪስ እንደገና ተከፍቷል። እሳቸው ከፍተውት የነበረውና አሁን ወደ ቀኝ የዞረው ኪስ ግን፣ ክር መዝዘው ድምጥማጡን ማጥፋት ሲችሉ፣ ማንም ሊያየው በሚችል ነጭ ክር ተሰፍቶ ነበር። እኅታችን ካውያዋን አግላ ኮቱን ተኮሰችው፤ ከዚያም አንሥታ አሸተተችው። «ጠረኑ አልተመለሰም» አለች፤ ቀጥላም «ግን አልደበቀውም» አለች።

ወዲያው አልተመለሰችም፤ እኛም አልገፋፋናትም። መጀመሪያ ካውያዋን ይዛ ሱቁ ውስጥ ከጎናቸው መሥራት ጀመረች፤ ማታ ማታ ወደኛ ትመለሳለች፤ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ነው ቤቷ የገባችው። ጋሽ ሜትር መልአክ አልሆኑም፤ ጠማማ ኮሌታ ሲያዩ ይቆጡ ነበር፣ በፀሎት መካከልም የሰው ትከሻ በዓይናቸው ይለኩ ነበር። የተለየው ነገር፣ ሲበድሉ ይቅርታ ለመጠየቅ ሰው አለመጠበቃቸው ነው። ሰዎች እኅታችንን «በእውነት ተለውጠዋል?» ሲሏት ግን መልሷ ያው «ካውያ ሲያርፍበት እናያለን» ነበር፤ እሳቸውም ይህን ሲሰሙ ይስቁ እንጂ አያማርሩም።

ካውያው በኩላሊት በሽታ መጣ። ረጅምና ክፉ ሕመም ነበር፤ ድሮ ጉንፋን ሲይዛቸው ቤቱን የሚያውኩት ሰው፣ ወገባቸው ሲያቃጥላቸው ትራስ ይነክሱና፣ ላብ የምትጠርግላቸውን ባለቤታቸውን «ደከመሽ፤ አረፍ በይ» ይሏት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ «እንግዲህ ግሏል፤ ኪሱ ታየሽ?» አሏት። «ዝም ብለህ ተኛ» ብላ ፊቷን አዞረች። ከትናንት በስቲያ ጠዋት፣ ሰባኪው ሱቃቸው ውስጥ ያስጀመሯቸውን ያንኑ «ውሰደኝ» የሚል ፀሎት ደግመው፣ እጃቸው በእጇ ውስጥ እንዳለ በሰላም አረፉ።

ምን እናልብሳቸው ብለን ስንማከር እኅታችን ማንንም ሳታማክር የአባታችንን ቡናማ ኮት አወጣች፤ በገዛ እጇ ተኩሳም አለበሰቻቸው። በቀኝ ደረታቸው ላይ ያለውን ነጭ ክር እናንሳው ወይ ብንላት፣ እንዳትነኩት አለች።

ጋሽ ሜትር ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ የስፌት መኪናውን ፔዳል እየረገጡ ያስቸገሯቸውን የልጅ ልጆቻቸውን፣ ቀሚሷ ሱሪ የሆነላቸውን አንዲት በሕይወት ያለች እኅታቸውን፣ እንዲሁም በልካቸው የለበሱ ብዙ ሰዎችን ትተው ሄደዋል። ያለቀውን የማይጥል ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍልን፤ በትንሣኤ ቀንም በፊቱ ያቁማቸው፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን፤ አሜን።

ከፀሎቱ በኋላ እንዲነበብ እኅታችን ያዘዘችው አንድ ቃል ቀርቷል፤ ለብዙ ዓመት ለጠየቃችኋት ሁሉ መልሷ ነው። «ካውያ አርፎበት አየሁት፤ የተገለበጠ አልነበረም፤ አዲስ ነበር» ብላለች።