አሥራ አንድ ማመልከቻና አንድ ስልክ

«እማማ፣ አጠገብዎ የተማረ ሰው የለም?» ብላ ጠየቀችኝ፣ የሬዲዮ ጣቢያውን ስልክ ያነሳችው ልጅ። ሰባ ዓመት በዚህ ምላሴ ስናገር ኖሬ፣ ስለ ገዛ ሰፈሬ ድልድይ ለመናገር ሰው ይናገርልኝ ማለቷ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አልደብቅም። የድልድዩን ሳንቃ ግን ቆጥሬዋለሁ። ሃያ ስድስት ነበር፤ ሦስቱ ወድቀዋል፣ አራቱ ሲረግጧቸው ይንቋቋሉ። ይህን የሚያውቅ የተማረ ሰው በዚያን ቀን አጠገቤ አልነበረም።

አሁን ይህን የሚጽፍልኝ በዚሁ ነገር ከእኔ ጋር ሲሟገት የነበረው ሰውዬ ራሱ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ከራሱ አንድ ቃል እንዳይጨምር አስጠንቅቄዋለሁ።

እኔ ፍራሽ ሰፊ ነኝ። በአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ጥጥ አፍታታለሁ፣ እሰፋለሁ። ልብስ ሰፊው ሬዲዮ አለው። ጠዋት ጠዋት በከተማችን ጣቢያ ሰዎች እየደወሉ ስለ ውሃው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ምርጫው፣ ስለ ሠርግ ወጪ ሳይቀር ይነጋገራሉ። እኔ መርፌዬን ሳላቆም እሰማለሁ፤ ያልገባኝን ልብስ ሰፊውን እጠይቃለሁ። ምክር ቤት ምን እንደሚሠራ፣ በጀት መቼ እንደሚያዝ ያወቅኩት እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ ማመልከቻ ጸሐፊው ወረቀቱን በኮቱ ሸፍኖ እኛ ዘንድ ተጠለለ። ሰፈሩ «በማክበር» ይለዋል፤ የሚጽፈው ሁሉ በዚያ ቃል ይጀምራል። ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሠላሳ ዓመት ጽፏል። ሬዲዮውን ሲሰማ ሽንት ቤት የሸተተው ይመስል ፊቱን አጨማደደ። «ሥራ ፈት ሁሉ ይለፍፍበታል» አለ።

ያን ሰሞን አንጀቴ አርሮ ነበር። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው። ዝናቡ ሲበረታ አባቷ «ድልድዩ ሳይጠገን አትሻገሪም» ብሎ ካስቀራት ሦስት ሳምንት ሆኗት፣ ፈተናው በር ላይ ደርሷል። ልጅቷ ደብተሯን ከድና ከእኔ ጋር ጥጥ ማፍታታት ጀምራለች። እጇ ፈጣን ነው። ያስፈራኝም እሱ ነው።

ይህን ስነግረው «በማክበር» ጉሮሮውን ጠራረገ። «ማመልከቻ ይጻፍ፣ እማማ።»

«ተጽፏል። የጻፍክልኝ አንተ ነህ። ጣቴን ቀለም ነክረህ አስፈረምከኝ፤ የጻፍከውን ግን አላነበብክልኝም።»

«ሐኪም መድኃኒቱ ውስጥ ያለውን ለበሽተኛው ይዘረዝራል እንዴ?»

«ሐኪም የት ጋ እንደሚያምህ ቢያንስ ይጠይቃል።»

ልብስ ሰፊው ሳቁን ለመደበቅ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። በማክበር ግን አልተበገረም። ወረቀት ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ከዓመት በኋላም ይገኛል አለኝ፤ በሬዲዮ የተወራ ነገር ነፋስ ነው፣ የሚይዘው የለም፣ ደዋዩም ያላጣራውን ይናገራል አለኝ። ሐሰት ነው አላልኩትም። ነገር ግን ባለፈው አንዱ ጎረቤቶቹን ሲሳደብ አዘጋጁ «ስድብ ከሆነ እዘጋዋለሁ፤ ጉዳይ ካለዎት ይቀጥሉ» ብሎ መስመር እንዳስያዘው ነገርኩት። ጨዋታው ደንብ አለው ማለት ነው።

«የአንተን ወረቀት አንድ ሰው ነው የሚያነበው፣ እሱም ካነበበ» አልኩት። «ይህን ግን ሹሙም ሹፌሩም እኩል ይሰማዋል።»

«ደግሞ እርስዎን ማን ይሰማዎታል?»

ክፋት አልነበረበትም፤ እውነት መስሎት ነው የጠየቀኝ። ደሜ ፈላ። ልብስ ሰፊውን ወደ ጣቢያው አስደውዬ ስልኩን ተቀበልኩት። ያቺ ልጅ ያን ጥያቄዋን የጠየቀችኝ ይኼኔ ነው። «የተማረ አለ፤ እዚህ ተቀምጧል፤ ድልድዩን ግን ተሻግሮት አያውቅም። እኔኑ አገናኚኝ» አልኳት። አገናኘችኝ።

ስለ ሳንቃዎቹ ተናገርኩ፣ ስለ ልጅ ልጄ ተናገርኩ። ሲሞቀኝ ጊዜ «ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰው እንኳ መጥቶ አላየውም» ብዬ ጨመርኩ። አዘጋጁ መስመር ላይ ይጠብቁ አለኝ። ከእኔ ቀጥሎ የማዶ አዋላጅ ደወለች። ምጥ የያዛትን ሴት ለማየት ወንዙን በዋናው መንገድ ስትዞር አንድ ሰዓት እንደሚፈጅባት ተናገረች፤ ማመልከቻ አስገብታ ነበር። አንድ ተሸካሚ ደወለ፤ እሱም አስገብቶ ነበር። ሌላ ደወለ፣ ሌላም።

በማክበርን አየሁት። በጣቶቹ እየቆጠረ ነበር።

«አሥራ አንድ» አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። «ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ለአንዳችን እንኳ አልነገርክም?»

«የሰው ጉዳይ ለሌላ ሰው አይነገርም፣ እማማ። የሙያዬ ሕግ ነው።»

ሕጉ ክፉ አይደለም። ድልድይ ግን የማንም ምስጢር አይደለም። አሥራ አንድ ሰው ለየብቻው ሲያመለክት፣ ቢሮው አሥራ አንድ ፋይል ከፍቶ በየፋይሉ የአንድ ሰው ችግር ሲያይ ከርሟል። እኛም እያንዳንዳችን ብቻችንን የተበደልን መስሎን ከርመናል። እርስ በርስ የተሰማማነው በዚያ ጠዋት ነው።

ወዲያው የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ መስመር ላይ ገባ። «እናቴ ተሳስተዋል፤ ባለሙያ ልከን አስለክተናል» አለ። ጆሮዬ ጋለ። በኋላ እንደሰማሁት እውነቱን ነበር፤ ሌላ ከተማ ያለው ልጄ ቤት የከረምኩ ጊዜ መጥተው ለክተዋል፤ እኔ ሳልጠይቅ ነበር ያፈነዳሁት። አዘጋጁ መቼ እንደተለካና ምን እንደተወሰነ ሲጠይቀው መሐንዲሱ አሁን እንደማያስታውስ ተናገረ።

በዚህን ጊዜ በማክበር ስልኩን ከእጄ ወሰደ። «በማክበር...» ብሎ ጀመረ፤ አዘጋጁ ሲስቅ በሬዲዮው ሰማሁት። ከዚያ ግን የጻፈውንና የመጣውን መልስ የሚመዘግብበትን ደብተር ገልጦ፣ ለተሸካሚው የመጣውን መልስ ቀኑንና ቁጥሩን ጠቅሶ ተናገረ። የተለካው ከሦስት ወር በፊት ነው፤ በሠላሳ ቀን ይሠራል ተብሎ ተፈርሟል። ይህንንም ከተማው ሁሉ ሰማው። መሐንዲሱም ሰኞ ሠራተኛ እልካለሁ አለ።

ላከም። አዲሶቹን ሳንቃዎች ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ሃያ ስድስት ናቸው። የልጅ ልጄ ለፈተናው ደረሰች፤ ያመለጣትን ሦስት ሳምንት እያካካሰች ነው፤ ጥጤንም ብቻዬን አፍታታለሁ፣ ደስ እያለኝ።

በማክበርም ልቡ ተመልሷል። ሐሙስ ሐሙስ ጣቢያው ሄዶ ቢሮዎች ፈርመው ያልፈጸሙትን ከደብተሩ ያነባል። ስለ አንድ መንገድ ወይም ስለ አንድ ቧንቧ ሁለት ሰው ከመጣለት አስፈቅዶ ያገናኛቸዋል፤ ሳያነብም ማንንም አያስፈርምም። እኔም «ማንም አልመጣም» ከማለቴ በፊት ዞሬ እጠይቃለሁ። አፍ ብቻውን ይሳሳታል፣ ወረቀትም ብቻውን ፋይል ውስጥ ይተኛል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሄዱ ግን ድልድይ ይሠራሉ፤ አይቼዋለሁ።

በል አንተ፣ ብዕርህን አስቀምጥ። ከላይ ጀምረህ ጮክ ብለህ አንብብልኝ፤ እኔ የተሳሳትኩበትንም፣ አንተ የተሳሳትክበትንም አትዝለል። ጣቴን የምሰጥህ ከዚያ በኋላ ነው።