ዶሮ አያልባትም

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ አስፋልቱን ሲያቀልጥ፣ ከሥራ ስመለስ የጎረቤቴን የጡረተኛውን ሾፌር የእህት ልጅ መንገድ ላይ አገኘኋት። የእንስሳት ሐኪም ናት። «አጎቴ ዶሮዎቼን በመርዝ ፈጁብኝ ብለው ጠሩኝ» አለችኝ።

ወሬውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ሽማግሌው ትናንት በር ላይ ቆመው፣ ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታቸውን «መርዘኛ» ብለው በሰው ፊት ሰድበዋት ነበር። ማስረጃቸው አንድ ቀን የዶሮዎቹ ሽታ አስቸገረኝ ማለቷ ብቻ ነው።

አብረን ገባን። የዶሮው ቤት ቆርቆሮ ነው፤ መስኮቶቹ በላስቲክ ተጠርቅመዋል። በሩ ሲከፈት ወላፈኑ ፊታችንን ገረፈን። የተረፉት ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው አርቀው ያለከልካሉ።

«ይኸው፣ መርዙ ሲያንቃቸው እዪ» አሉ ሽማግሌው።

«አጎቴ፣ መስኮቱን ማን ሸፈነው?»

«እኔ ነኛ። ነፋስ እንዳይመታቸው ብዬ ነው። ዶሮ ብርድ አይችልም።»

«ሲበርዳቸውማ ላባቸውን ይነፋሉ፤ በመሃሉ የሚታመቀው አየር እንደ ብርድ ልብስ ያሞቃቸዋል። የሚከብዳቸው ሙቀቱ ነው። እርስዎ ሲሞቅዎት ምን ይሆናሉ?»

«ያልበኛል።»

«ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞልዎት ይሄዳል። ዶሮ ግን አያልባትም። ስታለከልክ ከጉሮሮዋ የሚተነው እርጥበት ነው የሚያበርዳት። ክንፏንም የምታነሳው ከሥሩ ሙቀት እንዲወጣላት ነው።»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ነድቻለሁ። ዶሮም እንደ ሞተር የሚያቀዘቅዛት ራዲያተር አላት ልትዪኝ ነው?»

«አላት። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ላባ የለውም፤ ደሟ እዚያ ሲደርስ ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጣል። እርስዎ ደግሞ ነፋሱን ዘጉባት።»

«መርዝ ነው እልሻለሁ።»

«የሚሞቱት መቼ መቼ ነው?»

«ከሰዓት በኋላ።»

«ሌሊትስ?»

«ሌሊት ይሻላቸዋል።»

«ታዲያ መርዝ ፀሐይ ጠብቆ ይገድላል እንዴ፣ አጎቴ?»

ሽማግሌው ዞረው የተሸፈነውን መስኮት አዩ። ላስቲኩን ቀደን ጣልን፤ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረብን፤ ጣሪያውንም በውሃ አራስነው። ነፋሱ ሲገባ ዶሮዎቹ አንድ በአንድ አፋቸውን ገጠሙ። ሽማግሌው ያንን ሲያዩ ፊታቸው ፍም መሰለ። ባለማወቅ ንብረትን ማጥፋት ያሳዝናል፤ ባላወቁት ነገር የሰው ስም ማጥፋት ግን ያሳፍራል።

«የሰደብኳት ሰው ፊት ነው፤ አንተም ተከተለኝ» አሉኝ።

ልብስ ሰፊዋ ደንበኞቿ ተቀምጠው የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። ቀና አላለችም።

«ዶሮዎቼን የፈጀኋቸው እኔው ራሴ ነኝ» አሉ። «አንቺ እጅሽ የለበትም። ይቅር በይኝ።»

መኪናው ቆመ። «ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዎች ከመርዘኛ ጋር አንሠራም ብለው ጨርቃቸውን ወሰዱ።»

«ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ተቀመጡም አላለቻቸው። «እንግዲያው ሳይመሽ ይሂዱ» አለች። ሄዱ።

ዛሬ የሰፈሩ ዶሮ አርቢ ሁሉ መስኮቱን ከፍቷል፤ በሙቀት ሰዓት ጥላና ውሃ አያጓድልም። የሚሞተው ቀንሷል፤ እንቁላሉም በርክቷል። ይህን እየዞሩ ያስተማሩት ሽማግሌው ናቸው። ወሬያቸውን የሚጀምሩት ግን በዶሮ አይደለም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «አንዲት ሴት በሐሰት ከስሼ ነበር» ይላሉ።