ሞላ የነቀላቸው ችካሎች

ወደ መርሳ ገበያ ልሄድ በጠዋት ከቤት ወጣሁ። የሞላን ማሳ ታክኬ ሳልፍ ላሙ መንገድ ዳር ታስራ ስትግጥ አየሁ። ላም መታሰሯ አይገርምም። የታሰረችበት ችካል ግን ራሱ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው። ቆምኩ።

ቀይ ራስ ያላቸውን ችካሎች አገር ያውቃቸዋል። ከቀበሌያችን ተነሥቶ ውርጌሳ አስፋልት ላይ የሚወጣው የጠጠር መንገድ ሊሠራ ሲታሰብ፣ የወረዳ ሰዎች ከነመሬት መለኪያ መሣሪያቸው መጥተው የተከሏቸው ናቸው። ከጎረቤቱ ከካሳዬ ማሳ ገብተው፣ የሞላን ማንጎ መሀል ለመሀል ሰንጥቀው፣ ትምህርት ቤቱ ጥግ ይወጡ ነበር። አሁን በካሳዬ በኩል አሉ። ትምህርት ቤቱም ጥግ አሉ። በሞላ ማሳ ላይ አንድም የለም።

«ሞላ!» ብዬ ተጣራሁ።

ሽርጡን እየሰበሰበ ከማንጎው ሥር ብቅ አለ። «እንደምን አደርክ ደጀን? ወደ ገበያ ነው?»

«ይህችን ላም ማን አሰራት?»

«እኔ ነኛ።»

«በመንግሥት ችካል?»

«እንጨት እንጨት ነው። መሬቴ ላይ ወድቆ አገኘሁት።»

«ሁሉም ወድቆ?»

«አንዳንዱ ወድቆ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሊወድቅ ሲል።»

ንዴቴን ዋጥኩት። እኔ የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ነኝ። ቅሬያችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው፤ የሞተ ይቀብራል፣ የታመመ በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት ያደርሳል። የድሮው መንገዳችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬድ ነበር። በየክረምቱ ከግራ የሚያርሰው አንድ ትልም ይጨምራል፤ የቀኙም እንዲሁ። አሁን ቃሬዛ የያዘ ሰው በሰው ማሽላ ውስጥ ካልሆነ አይሄድም። የማሽላው ባለቤት ደግሞ ወጥቶ ይጮኽብናል። ነገ እሱም ሲታመም በዚያው ነው የምንወስደው። ይህን ስናገር ዕድሜዬ አለቀ።

በዚህ መሀል ከአስፋልቱ በኩል አንዲት ወጣት ቦርሳዋን አንግታ መጣች። ኢሕሳን ናት፤ የሞላ ወንድም ልጅ። ሕግ ተምራለች፤ ወልድያ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ትጽፋለች።

«አሰላሙ አለይኩም አጎቴ። አያ ደጀን፣ እንደምን አደሩ?» አለችና ዓይኗ ላሟ ላይ አረፈ። ከዚያ ችካሉ ላይ። «ያ ረቢ!»

«ምን ያ ረቢ ያሰኛል? ላም አይተሽ አታውቂም?» አላት ሞላ።

«አጎቴ፣ ዛሬ የካሳ ገማቾቹ እንደሚመጡ ያውቃሉ?»

«አልሰማሁም።»

«አክስቴ ከስብሰባ መጥታ ነግራዎታለች እኮ።»

«ነግራኝ ይሆናል። እኔ ግን አልሰማሁም።»

ሚስቱ ረሂማ ከጓሮ ሆና ታዳምጥ ኖሮ ወጣች። «ወላሂ ኢሕሳን፣ ለዚሁ ነው የደወልኩልሽ። ስብሰባ እኔን ይልከኛል። ሄጄ የሰማሁትን ልነግረው ስጀምር ተነሥቶ ይወጣል። ሲጠይቁሽ አልነገርኩትም በይ ይለኛል። እሱ ካልሰማ አዋጁ እሱን አይነካውም አሉ!»

«ዝም በይ አንቺ።»

«ዝም ብዬስ መች ቀረልኝ!»

ይህ የሞላ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። የሰፈራችን ሁሉ ልማድ ነው። ስብሰባ የሄደ ተስማማ ይባላል። የፈረመ መሬቱን ሸጠ ይባላል። ስለዚህ አባወራው ቤት ይቀራል፤ ሚስቱ ሄዳ ከኋላ ትቀመጣለች፤ ስም ሲጠራ አቤት አትልም። ኋላ ነገሩ ሲደርስ ሁሉም «ማን ነገረን?» ብሎ ይጮኻል። የነገሩትን ሰዎች ፊታቸው እያየ ይጮኻል።

ኢሕሳን ቦርሳዋን አውርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «እሺ አጎቴ፣ አሁን ይስሙኝ። እኔ የወረዳ ሰው አይደለሁም። ችካሉን ለምን ነቀሉት?»

«መሬቱ የአባቴ ነው። አባቴም ከአባቱ ነው ያገኘው። ማንም መጥቶ በመሀሉ እንጨት አይተክልበትም።»

«በሕጉ መሬቱ የሕዝብና የመንግሥት ነው። የአንቱ ይዞታው ነው። በላዩ ያፈሩት ሁሉ ግን የራስዎ ንብረት ነው። ማንጎው የአንቱ ነው።»

«የእኔ ከሆነ ለምን ይቆርጡታል?»

«ለሕዝብ ጥቅም ሲሆን መንግሥት ሊወስድ ይችላል። ዝም ብሎ ግን አይወስድም። አስቀድሞ ያሳውቃል፣ ይገምታል፣ ካሳ ይከፍላል። ግምቱ ካነሰብዎ በቀነ ገደቡ ውስጥ አቤት ይላሉ። አዋጁ እንደዚህ ነው የሚለው።»

«ወረቀቱ ነዋ እንደዚህ የሚለው!» ሞላ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ያኔ ለመስኖ ቦይ ብለው የታችኛውን ማሳዬን ቆፈሩት። ውሃ መጣ? የእንቁራሪት ድምፅ እንኳ አልሰማሁበትም። ካሳስ መጣልኝ?»

ሞላ እዚህ ላይ አልዋሸም። ቦዩ ዛሬም ደረቅ ነው፤ ፍየሎች ይተኙበታል። እኔ ምስክር ነኝ።

«አልመጣልዎትም» አለች ኢሕሳን። «በደል ነው፤ ምንም ሌላ ስም የለውም። አቤት ብለው ነበር?»

«ለማን?»

«ለሚመለከተው።»

«የሚመለከተው እኮ ነው አይቶ ዝም ያለው!»

«ያኔ ከላይ በኩል ማሳቸው የተቆፈረባቸው ሰዎች ካሳ አግኝተዋል።»

«ዘግይቶ!»

«ዘግይቶ፤ እውነት ነው። አንቱ ግን ዘግይቶም አላገኙም። ለምን? ንብረት ሲመዘገብ ቤት ተቀምጠው ነበር። ስምዎ የትም አልተጻፈም።»

«ስሜን ለማን ብዬ አስጽፋለሁ? ስም ያለው ሰው ነው የሚጠራው።»

«ሲጠሩኝ አልወድም ብለው፣ ሲከፈልም ሳይጠሩ ቀሩ።»

ሞላ ወደ እኔ ዞረ። «ደጀን፣ ይህች ልጅ ማመልከቻ የምትጽፈው ለእኔ ነው ወይስ በእኔ ላይ?»

«ላምህን ፈትተህ ጠይቃት» አልኩት።

ከካሳዬ ማሳ ጫጫታ ተሰማ። ገማቾቹ መጥተዋል። ኃላፊያቸው ጌትነት የሚባል የወረዳ ሰው ነው፤ በላብ ተጠምቋል፤ ፊቱ ላይ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልቀረም። ጎረቤታችን ካሳዬ በተራው ሌላ ብልኃት አበጅቷል። በችካሎቹ መሀል የፓፓያ ችግኝ እንደ ጎመን ደርድሮ ተክሏል።

«ይህ ፓፓያ መቼ ተተከለ?» አለ ጌትነት።

«ቆይቷል» አለ ካሳዬ።

«አፈሩ እኮ ገና እርጥብ ነው።»

«አጠጣዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ የተተከለ አይገመትም። ሦስት ጊዜ ተነግሯል።»

«አልሰማሁም!»

እኔ ጭንቅላቴን ያዝኩ። አንዱ ይነቅላል፣ አንዱ ይተክላል። ሁለቱም አልሰሙም።

ገማቾቹ የካሳዬን አሮጌ ዛፎች ጽፈው ወደ ሞላ ድንበር መጡ። ጌትነት ግራ ቀኝ አየ። የታሰረችበትን ችካል ላሟ ከልላዋለች፤ ሌላ ቀይ ነገር የለም። «እዚህ የሚነካ ነገር የለም መሰለኝ። ወደ ትምህርት ቤቱ እንለፍ። ዛሬ ጨርሰን ካልፈረምን አይሆንም» አለና ሰዎቹን ይዞ አለፈ።

ሞላ ፊቱ በራ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አየሽ?» አላት። «አለፉኝ! አንቺ ስንት ዘመን ተምረሽ ያላገኘሽውን እኔ በአንድ ጠዋት ጨረስኩት።»

«አለፉዎት?» ኢሕሳን ተነሣች። «መንገዱ ካሳዬ ጋ ሲደርስ ክንፍ አውጥቶ ትምህርት ቤቱ ጋ ሊያርፍ ነው? ኑ እስቲ።»

እጁን ይዛ የካሳዬ የመጨረሻ ችካል ጋ አቆመችው። እኔም ተከተልኩ።

«እዚህ ይቁሙ። ከዚህ ችካል ተነሥተው እዚያ ትምህርት ቤቱ ጥግ እስካለው ድረስ በዓይንዎ ይሂዱ። ገበሬ ነዎት፤ ቀጥ ያለ ትልም ያውቃሉ።»

ሞላ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። አየ። ሌላውን ጨፍኖ እንደገና አየ።

«መሀል ላይ ምን አለ?» አለችው።

ፊቱን ወደ ካሳዬ ፓፓያ አዞረ።

«አጎቴ፣ ምን አለ?»

«ማንጎዬ።»

«መስመሩ ያለው መሣሪያቸው ውስጥ ነው። ዶዘሩ ሲመጣ በዚያ ነው የሚሄደው። ችካሉ የተተከለው ለእነዚህ ለገማቾቹ ነበር፤ የአንቱን ዛፍ አይተው እንዲጽፉ። መንገዱን አልነቀሉም አጎቴ። የነቀሉት ካሳዎን ነው።»

ሞላን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሲናደድ ይናገራል። ሲፈራ ጺሙን ይይዛል። ጺሙን ያዘ። ገማቾቹ ትምህርት ቤቱ አጥር ሊደርሱ ነው።

«በል ጥራቸው» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ነቀልኩ ብለህ።»

«በሰው ፊት?»

«ማንጎህስ በሰው ፊት አይደለም የሚቆረጠው?»

አፉን በእጁ ከልሎ ተጣራ። እንደዚያ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። «እናንተ ሰዎች! ተመለሱ! እኔን ዘላችሁኛል!»

ተመለሱ። የሰፈር ሰውም ተከትሎ መጣ። ሞላ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ችካሎቹን የነቀልኳቸው እኔ ነኝ» አለ። አንዳንዱ ሳቀ። ካሳዬ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ።

ጌትነት ግንባሩን ጠረገ። «አባቴ፣ ስንት ቀበሌ ስንት ችካል ነው የምንተክለው? እኔ ደከመኝ! ችካል መንቀል በሕግ እንደሚያስጠይቅ አያውቁም?»

«አልሰ...» ብሎ ጀመረና ኢሕሳንን አየ። «አሁን ሰማሁ።»

«የታሉ?»

«አንዱ ላሟ ጋ ነው። አንዱን የመቆፈሪያ እጀታ አድርጌዋለሁ። ሌላው...» ወደ ረሂማ ዞረ።

«ሽሮ አብስዬበታለሁ» አለች ረሂማ። «እንጨት አምጣ ብለው እሱን አመጣልኝ።»

አሁን ጌትነትም ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ያለ ችካል መገመት አልችልም። ሌላ ጊዜ እንመለሳለን።»

«ሌላ ጊዜ የሚባል ቀን የለም» አለች ኢሕሳን። «አጎቴ አጥፍተዋል፤ አምነዋል። ዛፎቻቸው ግን አላጠፉም። ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር፦ የሞላ ማንጎዎች መስመሩ ውስጥ ናቸው፤ ባለመሣሪያው መጥቶ ችካሉን እንደመለሰ ይገመታሉ፤ እስከዚያ አንድ ቅርንጫፍ አይነካም።»

ጌትነት አሰበ። «ይሁን» አለና ጻፈ። ብዕሩን ለሞላ ዘረጋለት።

ሞላ እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ። «ፊርማ?»

«አንብቢለት» አልኳት ኢሕሳንን። አነበበችለት። «ድገሚው» አላት። ደገመችው። እጁን አወጣና ቀስ ብሎ፣ ጠንካራ መሬት እንደሚያርስ ሰው እየተጫነ ፈረመ። ብዕሩን ግን አልመለሰም።

«አንተ ልጅ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅህ። ካሳው የሚሰጠኝ ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት ነው። አዋጁ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እሱንም ጻፈው።»

«አባቴ፣ አዋጁ ላይ ተጽፏል እኮ!»

«እዚህም ጻፈው። አዋጁን እኔ አላየሁትም። ይህን ግን ፈርሜበታለሁ።»

ጌትነት ኢሕሳንን አየ። እሷ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ጻፈው።

ጉዳዩ በዚያው አልጋ በአልጋ አልሆነም። ችካሉ ተመለሰ፤ ግምቱ ተሠራ፤ ካሳው ግን ዘገየ፤ ዶዘሩ ቀድሞ መጣ። ሞላ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ይዞ ማንጎው ሥር ቆመ። አልተሳደበም፤ ድንጋይም አላነሣም። «አንብቡት» ብቻ ይል ነበር። አነበቡት። ዶዘሩ ዞሮ ከትምህርት ቤቱ ጥግ ጀመረ። ካሳው ሲገባ ዛፎቹ ተቆረጡ። ያን ቀን ሞላ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ዛፍ ያሳደገ ሰው ይህን ያውቃል።

አሁን መንገዱ አለ። አይሱዙ ማሳ ድረስ ገብቶ ሽንኩርት ይጭናል፤ ዱሮ ሽንኩርታችን በአህያ ተጭኖ አስፋልት ሳይደርስ ይበሰብስ ነበር። ትምህርት ቤቱ በክረምትም አይዘጋም። የታመመ ሰው በባጃጅ መርሳ ይደርሳል፤ የቅሬያችን ቃሬዛ ለቀብር ብቻ ሆኗል። ይህ ሁሉ ጥቅም ነው። እኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላው ነው። አልሰማሁም ያለን ሰው አዋጁ አይምረውም፤ ዘሎትም ያልፋል። የሰማው ግን አዋጁን ባወጣው ሰው ፊት ይዞት ይቆማል።

ባለፈው ሳምንት ስለ መንገዱ ጥገና ስብሰባ ተጠራ። ሞላ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ፊት ተቀምጧል፤ ረሂማም ከጎኑ። ጌትነት መመሪያውን ማንበብ ጀመረ። ገና አንዱን አንቀጽ ሳይጨርስ ሞላ እጁን አነሣ።

«አንዴ ቆይ። ያችን መልሰህ አንብባት።»

ሰዉ አጉረመረመ። እኔንም ፀሐዩ መትቶኝ ነበር። ጌትነት ትንፋሹን ሳበና መልሶ አነበባት።