የአለልኝ ጓጉንቸር

(ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የዶሮ መኖ ፋብሪካ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የጥገና ኃላፊዋ እማዋይሽ ለጥገና የቆመውን ትልቅ የመኖ ማደባለቂያ ማብሪያ በጀርባዋ ከልላ ቆማለች፤ የፈረቃ አለቃው ደርበው የፌሮ መቁረጫ ይዞ ፊቷ ተገትሯል።)

እማዋይሽ፦ መቁረጫውን አስቀምጠው፣ ጋሽ ደርበው። እባክህ።

ደርበው፦ ከጠዋት ጀምሮ «እባክህ፣ እባክህ»! ጥገናው አልቋል አላልሽም?

እማዋይሽ፦ የሞተሩ አልቋል። የእኔን ጓጉንቸር ከማብሪያው ላይ ፈትቻለሁ፣ ረዳቴ ወልዱም የራሱን ፈትቷል። ይሄኛው ግን የአለልኝ ነው፤ የሚጠግን ሁሉ ማንም እንዳያስነሳበት ማብሪያውን በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል። ውስጥ ገብቶ መኖ የሚያማስሉትን መቅዘፊያዎች ሲሠራ የነበረው እሱ ነው። እሱ ሳይፈታው ማብሪያው አይነካም።

ደርበው፦ አለልኝ የለማ! አክስቱ ሞታ መርዶ ደርሶት ሮጦ ሄደ። ቁልፉን በኪሱ ይዞ እዚያ ለቅሶ ተቀምጧል፣ እኔ ደግሞ እዚህ ቆሜ አለቅሳለሁ።

እማዋይሽ፦ ደውልለት።

ደርበው፦ ዝግ ነው። ቀብር ላይ ማን ስልክ ያነሳል?

እማዋይሽ፦ ሲወጣ ማን አየው?

ደርበው፦ እኔ! በዚህ በዓይኔ። ሰማያዊ ጃኬቱን እንደለበሰ በዋናው በር ወጣ።

እማዋይሽ፦ ፊቱን አየኸው?

ደርበው፦ ጀርባውን።

እማዋይሽ፦ ሰማያዊ ጃኬት እኮ እኔም ለብሻለሁ። ለሁላችንም የታደለ ነው።

ደርበው፦ አንቺ ሰው፣ ነገር ታበዣለሽ! ማደባለቂያው ውስጥ አንገቴን አስገብቼ «አለልኝ!» ብዬ ተጣርቻለሁ። መልስ የለም።

እማዋይሽ፦ ራሱን የሳተ ሰው አቤት ይላል?

ደርበው፦ አፍሽን በዳቦ! ምን ዓይነት ሟርት ነው?

እማዋይሽ፦ ሟርት አይደለም። «ካልታዘልኩ አላምንም» አለች ሙሽራ። እኔም ውስጡ ሳይታይ አላምንም።

ደርበው፦ ሙሽራዋ ጊዜ ነበራታ! ውጭ የተሰለፉትን መኪኖች አታዪያቸውም? ዶሮ አርቢው ሁሉ ይራገማል። አንዷ ሴትዮ «ዶሮዎቼ በረሃብ እርስ በርሳቸው መነቋቆር ጀመሩ» ብላ ስታለቅስ ነበር። ባለቤቱ ደግሞ «ዛሬ ካልተነሳ ነገ አንተም እንዳትመጣ» ብሎኛል።

እማዋይሽ፦ እንደዚያ አለህ?

ደርበው፦ በሰው ፊት። ጆንያ የሚሞሉት ሴቶች ሁሉ እየሰሙ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ልጆቼ ገና ትምህርት ላይ ናቸው።

እማዋይሽ፦ አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ለአንተ እንጀራ ብዬ ሰው ላስፈጭ? በኋላ ብንጮህ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ደርበው፦ ባዶ ነው እኮ! በይ ዞር በይልኝ፣ ልቁረጠው።

እማዋይሽ፦ እንግዲያው አንተው ግባና እይ።

ደርበው፦ እኔ?

እማዋይሽ፦ ባዶ ከሆነ ምን ያስፈራሃል? ባትሪውን ያዝና እስከ ጥግ እይ። እኔ ማብሪያው ጋ እቆማለሁ።

ደርበው፦ እሺ፣ እገባለሁ! ብቻ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ።

እማዋይሽ፦ አልልም።

ደርበው፦ ሰው ቢጠራሽስ? ባለቤቱ ድንገት መጥቶ «ስበሪውና አስነሺ» ቢልሽስ?

እማዋይሽ፦ እንካ፣ ይሄ ትርፍ ጓጉንቸር ነው። አንተም ቆልፍና ቁልፉን ኪስህ ክተት።

ደርበው፦ አምጪው። ... ተቆልፏል። ሳቢው እስቲ፣ ጠበቅ ብሏል?

እማዋይሽ፦ ጠብቋል። ግባ፣ አይዞህ።

ደርበው፦ (ከውስጥ) ይሰማሻል? ሰው የለም! አላልኩሽም?

እማዋይሽ፦ ተመስገን! እስከ ጥግ አየህ?

ደርበው፦ እስከ ጥግ። ባዶ ነ... ቆይ።

እማዋይሽ፦ ምንድን ነው?

ደርበው፦ የመጨረሻው መቅዘፊያ። ይሄ ትልቁ ብረት። ስነካው ተወዛወዘ።

እማዋይሽ፦ ብሎኖቹስ?

ደርበው፦ በአንዷ ብቻ ነው የተንጠለጠለው። ሌሎቹ እዚህ ጨርቅ ላይ ተቀምጠዋል።

እማዋይሽ፦ ለካ ሳይጨርስ ነው መርዶው የደረሰው። ለዚህ ነዋ ጓጉንቸሩን ሳይፈታ የሄደው!

ደርበው፦ እማዋይሽ፣ ይሄ ብረት እየተሽከረከረ ቢገነጠል በየት ነው የሚወጣው?

እማዋይሽ፦ ቆርቆሮውን ቀድዶ በታች በኩል። ጆንያ መሙያው ጋ።

ደርበው፦ ሴቶቹ እዚያ ናቸው! «ጆንያ ይዛችሁ ተዘጋጁ» ያልኳቸው እኔ ነኝ! ከዚያ አንሺያቸው!

እማዋይሽ፦ ሞተሩ እኮ አይነሳም፤ ተቆልፏል።

ደርበው፦ አንሺያቸው አልኩሽ!

እማዋይሽ፦ እሺ፣ እሺ። እናንተ! ከዚያ ተነሱ! ጥላው ሥር ሂዱ! ... ተነስተዋል። ውጣ አሁን።

ደርበው፦ እጅሽን ስጪኝ።

እማዋይሽ፦ ቀስ በል። ያዝ። እዚህች ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ።

ደርበው፦ ከፊት የቆመችው ጥሩወርቅ ነበረች። ነፍሰ ጡሯ። ቅድም «ጋሼ፣ ዛሬማ በጊዜ ትለቀናለህ» ብላ ሳቀችልኝ።

እማዋይሽ፦ አልሆነም እኮ።

ደርበው፦ ሊሆን ነበር። በዚህ እጄ።

እማዋይሽ፦ ጠጣ እንጂ። ብሎኖቹን እኔና ወልዱ እናስራለን። አለልኝ ከለቅሶው ሲመለስ የሠራነውን በዓይኑ ያያል፣ ጓጉንቸሩንም ራሱ ይፈታል። ከዚያ ሰው ሁሉ ርቆ፣ መጀመሪያ ባዶውን እናዞረዋለን።

ደርበው፦ ለዛሬ ይደርሳል?

እማዋይሽ፦ አልዋሽህም። አይደርስም።

ደርበው፦ ሴትዮዋን ምን እላታለሁ? ዶሮዎቿን?

እማዋይሽ፦ ከሌላ ፋብሪካ ትፈልግ፣ ንገራት። ... ስልክህ እየጮኸ ነው። ባለቤቱ ነው መሰለኝ። ለእኔ ስጠኝ፣ ወይ «የጥገና ኃላፊዋ አስቸገረችኝ» በለው። እኔን ይሳደብ፣ ለምጄዋለሁ።

ደርበው፦ ተዪው፣ እኔ አነሳዋለሁ። ... አቤት ጌታዬ። ... የለም፣ አልተነሳም፤ ዛሬም አይነሳም። ... እሷ አይደለችም። ያስቆምኩት እኔ ነኝ።